በነጠላ የተሸፈነ አፍ

እናቴ አፏን በነጠላ መሸፈን የጀመረች ሰሞን ሰው ሁሉ አመሰገናት። ይኸን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

«የቄስ ሚስት ማለት እንዲህ ናት እንጂ!» ይሉ ነበር የማኅበር እኅቶቿ። «ሰው ፊት ጥርሷን አታሳይ፣ ድምጿን አታሰማ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ማኅበሩን የምትመራው ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ደግሞ እኔን ባየች ቁጥር ትጨምርበታለች። «አንቺም ከእናትሽ ተማሪ። አፍሽን እንደ ሱቅ በር ከፍተሽ የምትውይው ምን ልትሸጪ ነው?»

«የሞባይል ከቨር» እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ ማትሪክ አልመጣልኝ ሲል ጎንደር ፒያሳ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ተቀጥሬ ነበር። ሴትዮዋ ትስቃለች። እናቴ ግን ከነጠላዋ ኋላ ሆና ዓይኗን ብቻ ታጠብባለች።

ጨዋነት የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ አፏ ይሸት ነበር። ድዷ ይደማ ነበር። በነካችው ቁጥር፣ እንጀራ በቆረሰች ቁጥር፣ አንዳንዴም እንዲሁ ተቀምጣ ሳለች ይደማ ነበር። ነጠላውን ወደ ላይ የሳበችው ይኸን ለመሸፈን ነው፤ ነጠላው አፏን ሸፍኖ አልበቃ ሲለው እሷን ራሷን ሸፈናት። እናቴ ከመካከላችን ስትጠፋ ሰፈሩ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር ማለት ነው።

የጠፋችውን ሴት ልንገራችሁ። እናቴ የዛሪማ፣ የቆላ ልጅ ናት። ያኔ በአገሯ እንደነበረው ልማድ ልጅ ሳለች ድዷን ተነቅሳለች፤ አስተኝተው፣ ራሷን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ጥላሸት እየቀቡ በእሾህ ወግተዋታል። ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ድድም ይጠነክራል ይላሉ።

«እኔ አላለቀስኩም» ትል ነበር በኩራት። «አብራኝ የተነቀሰችው ልጅ ጮኻ ሮጠች፤ ድዷ እንደ ሰበዝ ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። ባሏ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። የኔን እይ፣ ሸጋ አይደለም?»

ከንፈሯን ገልብጣ ታሳየኝ ነበር። ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁር ድድ፣ በላዩ ወተት የመሰለ ጥርስ። ከእናቴ መልክ ሁሉ የምወደው ያንን ነበር። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። እልልታዋ ደግሞ! ጥምቀት ላይ ታቦት ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ሴት እልል ሲል፣ የእናቴን ለይቼ አውቀው ነበር። ቆላ ቆላ የሚል፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ እልልታ ነው።

አንድ ጥምቀት ላይ ያ እልልታ አልተሰማም። አጠገቤ ቆማለች፣ ታቦቱ ፊታችን ደርሷል፣ ዲያቆናቱ ጃንጥላውን ያዞራሉ፣ ሴቱ ሁሉ አብዷል። ዞር ብዬ ባያት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ እንባዋ ይወርዳል። አጠገባችን ያለች ሴት «መንፈስ ቅዱስ ነክቷት ነው» አለች። እኔም አመንኩ። በዚህ አገር እንባ ሁሉ ሃይማኖት ነው።

ከዚያ ማዕድ ለየች። «ብሉ፣ እኔ ኋላ እቀምሳለሁ» ማለት ለመደች። ኋላም አትቀምስም፤ ብትቀምስ በሹሮ ያራሰችውን ፍትፍት በጎን ጥርሷ ነው። ማኅበር መሄድ ተወች፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነዋ። ለቅሶ ቤት መሄድም ተወች፤ ለቅሶ ላይ ሰው ተቃቅፎ ነው የሚያለቅሰው። በመጨረሻ ከአልጋ መነሳቱንም ተወችው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠዋት ትቻት በሄድኩበት ጎኗ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ተኝታ አገኘኋት። እንዝርቷ ጥጥ እንደተጠመጠመበት መሬት ወድቋል።

«እማ፣ ምነው?»

«ምንም።»

«ምን ሆነሽ ነው? ተጣላችሁ?»

«ምንም አልሆንኩም። ቀስ በይ፣ አትጩኺ።»

ያን ሰሞን ከአፏ ይወጣ የነበረው ቃል «ምንም» ብቻ ነበር። አፍን ብዙ ሳይከፍቱ የሚባል ቃል ነው፤ ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

የከፋው ግን ሌላ ነው። አባቴ ከጎንደር ደብሮች በአንዱ ቀዳሽ ነው። ቄስና ሚስቱ በቁርባን የተጋቡ ናቸውና አብረው መቁረብ አለባቸው። እናቴ ግን መቁረብ አቆመች። አባቴ መቅደስ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ያቆርባል፤ የገዛ ሚስቱ በሴቶች በኩል ዓምድ ተደግፋ ትቀራለች። የቄስ ሚስት ሳትቆርብ ስትከርም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሌላ ወንድ ሄዳለች። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ባሏም መቀደስ አይችልም። የእሷ ስም፣ የእሱ ክህነት፣ የቤታችን እንጀራ፣ ሁሉም በአንዲት ሴት የተዘጋ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጨዋ እያሉ የሚያመሰግኗት እነዚያው ሴቶች ዞር ስትል «ምን ብታደርግ ነው?» ይባባላሉ። ሁለቱን በአንድ ምላስ!

አባቴ «መንፈስ ነው» አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ጠበል ወሰድናት። እኔ ልብሷን ይዤ ዳር ቆምኩ። አጥማቂው ውሃውን እያወረደባት ይጮኻል።

«ማነህ? በምን ገባህ? ስምህን ተናገር!»

እናቴ ጥርሷን ነክሳ ዝም። ሰውየው መስቀሉን ይዞ ፊቷ ድረስ ተጠጋት። እሷ ፊቷን አዞረች።

«አያችሁት? መስቀል ሲያይ ይሸሻል! ይኼ ዲዳ መንፈስ ነው። ከሁሉ ክፉው እሱ ነው፤ አይለፈልፍም፣ አይወጣም።»

ስለዚህ ለዲዳው መንፈስ ሲባል ተጨማሪ ሱባኤ ታዘዘላት። በብርዱ፣ በዚያ በሚሰነጥቅ ውሃ፣ አፏ የቆሰለ ሴት! ቆይቶ ነገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ጠየቅኋት። «ምነው ያኔ አልተናገርሽም?» ስላት፣ «ልጄ፣ ሰውየው እዚህ ተጠግቶኝ» አለች፣ መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ። «አፌን ብከፍት ምን ይለኛል?»

ጠበሉን አልሰደብኩም። ውሃው ምን በደለ? በጠበል የዳነ ሰው አውቃለሁ። የምናደደው ፊት የሚያዞርን ሰው አይቶ «ያፈረች ሴት ናት» ለማለት ሐሳቡ እንኳ ያልመጣለት ሰው ላይ ነው። ያን ሁሉ ጋኔን በስም የሚያውቅ ሰው ሐፍረትን አያውቃትም።

ከጠበል ስትመለስ ጭራሽ ከሳች። አንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች «ጌታ ቢወስደኝ ሁላችሁም ታርፋላችሁ» አለች። እንደ ቀልድ ሳይሆን፣ ነገ ጤፍ እናስፈጫለን እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው። በማግስቱ ለአባቴ የአእምሮ ሐኪም እንደምወስዳት ነገርኩት።

«የቄስ ሚስት እብድ ሐኪም ቤት ሄደች ይበሉን?»

«ሞተች ከሚሉን አይሻልም?»

አባቴ አስቦ አስቦ አንድ ዘዴ አመጣ። አንድ የግል ክሊኒክ አለ፤ ምድር ቤቱ ጥርስ ሐኪም፣ ፎቁ የአእምሮ ሐኪም ነው። በር አንድ ነው። «ሰው ካያችሁና ከጠየቃችሁ፣ ጥርሷን አሟት ነው በሉ» አለ። «ጥርስ ነውር የለውም።»

ይኸን ሲል እናቴ ከአልጋዋ ላይ ብድግ ብላ በድንጋጤ አየችኝ። በዓይኗ ትመረምረኛለች፣ ያወቅሁባት መስሏት። እኔ ውሸቱ አስደንግጧት ነው ብዬ «አይዞሽ እማ፣ ለሰው ነው» አልኳት። ተመልሳ ተኛች።

እንግዲህ ይኸን አስቡት። ያቺን እውነት እንደ ውሸት አድርገን ለሰፈር ስንነዛት ከረምን። «እናትሽ ወዴት ነች?» ሲሉኝ «ጥርሷን አሟት» እላለሁ፣ በልቤ እንዴት ጎበዝ ውሸታም ነኝ እያልኩ። ከዚያ እጇን ይዤ በጥርስ ሐኪሙ በር አጠገብ አሳልፋትና ደረጃውን አወጣታለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ጉንጫቸውን ደግፈው ያዩናል። እናቴም ታያቸዋለች። በየቀጠሮው፣ በዚያ በር ስታልፍ እግሯ ቆም ይል ነበር። እኔ «ነይ እንጂ፣ ረፈደ» ብዬ እስባታለሁ።

ፎቅ ያለው ሐኪም ክፉ ሰው አይደለም። ለስላሳ ድምፅ አለው፣ እናቴን አንቱ ይላታል። «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? ሰው ያስጠላዎታል?» ይላል። እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ሆና «አዎ»፣ «የለም» ትለዋለች። ድብርት ነው አለ። ትክክል ነው፣ ድብርት ነበር። ኪኒን አዘዘ። ኪኒኑ እንቅልፏን መለሰላት፤ አፏን ግን እንደ በጋ ጓል አደረቀው። ውሃ ካልጠጣች ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል። ድዷ ባሰበት፣ ሽታው ባሰበት፣ ነጠላው አንድ ጣት ከፍ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ «ከሰው መሸሹ አልቀነሰም» አለና መጠኑን ጨመረው። አንድም ቀን ነጠላዎን ያውርዱልኝ አላለም። ፊት አይቶ የሚያክም ሰው ግማሽ ፊት እያየ!

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ሕፃኑም አዋቂውም ይቆርባል፣ የማይቆርብ ሰው ጎልቶ ይታያል። አንድ እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ጥምጥሙን ሳያወልቅ እናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ መስኮቱ ሥር ልብስ አጣጥፋለሁ።

«ዛሬ የደብሩ አለቃ ጠርተውኝ ነበር» አለ። «‹ቤትዎ ደህና ነው ወይ?› አሉኝ።»

እናቴ ዝም።

«ምን ለማለት እንደፈለጉ ታውቂዋለሽ። ከፍልሰታ በኋላ ደግመው እንደሚጠይቁኝም ነገሩኝ። እኔ በድዬሽ እንደሆነ ንገሪኝ። አንቺም ያጠፋሽው ካለ ንገሪኝ። ንስሐ ያለው ነው።»

«አባ! እማን ነው እንዲህ የሚሏት?» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ!»

«ዝም ማለት በዚህ ቤት በዝቷል! አንዲት ሴት ዝም ብላ ልትሞት ነው፣ እኔም ልጨመር?»

እናቴ ተነስታ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነጠላዋን አወረደች። ያን ፊት በቀን ብርሃን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ጉንጯ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወደ አባቴ ዞራ አፏን ከፈተችና አውራ ጣቷን ድዷ ላይ ጫን አደረገችው። ከዚያ ከምወደው ጥቁር ድድ ሥር ደም ወጥቶ ጥርሷ ላይ ወረደ።

«በዚህ አፍ ነው የምቆርበው?» አለች። «ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ከአፌ ደም ልትፋ? እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ የሚደማ ሰው አይቆርብም የሚሉት?»

አባቴ ያየውን ማመን አቃተው። «ምነው… ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«መቼ?»

«አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳወራዎ ፊትዎን አዞሩ። እንዲህ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ልክ በዚያ ሁሉ ወራት እንደምትተኛው። «ከዚያ መኝታ ለዩ።»

«እኔ እኮ ለቅዳሴ ብዬ ነው… አገልግሎቱ ስለበዛ…»

«አዎ። ለቅዳሴ።»

አባቴ አላስታወሰም። ፊቱን ያዞረበትን ቀን አያውቀውም። ምናልባት ዝንብ አይቶ ይሆናል፣ ምናልባት ደጅ ሰው ጠርቶት ይሆናል፣ ምናልባትም እውነት ሸቶት ይሆናል። እሷ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ኖረች፤ እሱ ረስቷት ወጣ። ጥምጥሙን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገና ከአልጋው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ላዝንለት ይገባ ነበር። አላዘንኩለትም። የማጣጥፈውን ልብስ ትቼ «እማ፣ ነገ ጥርስሽን አሞሽ እንሄዳለን» አልኳት።

በማግስቱ በዚያው በር ገባን። ደረጃውን ግን አልወጣንም።

ጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምጿ ትልቅ። መብራቱን እናቴ አፍ ላይ አዞረችና «ወይ ጉድ!» አለች። «ይኼን ሁሉ ተሸክመሽ የት ነበርሽ?»

«ፎቅ ላይ» አልኳት እኔ።

አልገባትም። መመልከቷን ቀጠለች። የድድ በሽታ ነው፣ የቆየ ነው፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ነክቶታል አለች። «ድዷ ባይነቀስ ኖሮ መቅላቱን ማንም ያየው ነበር። ንቅሳቱ ሸፈነው።» ከዚያ ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ እንደ ልጅ ተቆጣቻት። «ጥርስሽን አትፍቂም? መፋቂያ እንኳ ጠፋ?»

የእናቴ እጅ ወደ ነጠላዋ ሲሄድ አየሁ። እዚያው ላይ ነደድኩ።

«ዕድሜዋን ሙሉ ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት! ሲደማባት ፈርታ ተወች። ከዚያ ደግሞ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ፊቱን መታጠብ ያቃተው ሰው መፋቂያ ያነሳል?»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «መድኃኒት ትወስዳለች?» አለች። ኪኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ እኮ አፍ ያደርቃል። ምራቅ ሲጠፋ የድድ በሽታ ይብሳል። ማነው ያዘዘው?»

በጣቴ ጣሪያውን አሳየኋት።

«እሱ? አብረን እኮ ነው ምሳ የምንበላው!»

ከዚህ በኋላ ያለው የነገሩኝ እንጂ የማስታውሰው አይመስለኝም፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። የፎቁን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ሐኪሙ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጧል።

«ዶክተር፣ ይውረዱ።»

«ተራሽን ጠብቂ እንጂ እኅቴ።»

«ተራችንን ጨርሰናል። እናቴ ታች አፏን ከፍታ እየጠበቀችዎት ነው።»

ወረደ፤ ይኸን አልክድበትም። እስክሪብቶውን እንደያዘ ወረደ። እናቴ ወንበሩ ላይ ተጋድማለች፣ መብራቱ አፏ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቀጠሮ የተመላለሰች ሴት አፍና አገጭ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ቆሞ ቀረ።

«ለምን አልነገሩኝም እናቴ?» አለ።

ይችን ጥያቄ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ መስማቴ ነው። «እርስዎ ለምን አልጠየቋትም?» አልኩት።

«ነጠላዎን ያውርዱ ማለት… የቄስ ባለቤት ናቸው። ነውር መሰለኝ።»

አያችሁልኝ? ሰፈሩ አክብሮ አመሰገናት፣ አጥማቂው አክብሮ ጋኔን ሰጣት፣ ሐኪሙ አክብሮ ሳያያት ቀረ። በዚህ ከተማ ሴትን በክብር መቅበር ይችሉበታል።

ከዚያ ሁለቱ ሐኪሞች ከእናቴ አፍ በላይ ቆመው ተነጋገሩ። ምሳ ላይ ምን እንደሚያወሩ እንጃ፤ የእናቴን ነገር ሲያወሩ ያየኋቸው ግን ያኔ ነው። ኪኒኑ በአንድ ጊዜ እንደማይቆም፣ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ እንደሚለወጥ ተስማሙ። ድብርቱ አፏን አስጥሏት፣ አፏ ድብርቱን እያባሰባት፣ አንዱ አንዱን እያጠባ ነበር የኖረው ብሎ የፎቁ ሐኪም ሲናገር እናቴ ከታች ሆና ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ታዞራለች። ስንወጣ በሩ ላይ «እኔ እኮ አውቀው ነበር» አለችኝ። «ሁለቱ አንድ መሆናቸውን።»

ሕክምናው ረጅም ነበር። ድንጋይ የመሰለው ነገር ከጥርሷ ተፋቀ፣ መትረፍ ያልቻሉት ጥርሶች ተነቀሉ፣ መድኃኒት መጉመጥመጥ መጣ። አባቴ ለደብሩ አለቃ እውነቱን ነገራቸው። «ድድ ነው?» አሉ ይባላል። «ድድ ብቻ?» የሰው ስም ሊያጠፉ ደርሰው «ድድ ብቻ» ሲሉ አያፍሩም።

ሰፈሩም ሰማ። ሲሰማ ምን አለ መሰላችሁ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ተረት የማያልቅበት ሕዝብ! ማነው የደበቀው? ድዷን ጥላሸት ሸፈነው፣ አፏን ነጠላ ሸፈነው፣ ነጠላውን የእናንተ ምስጋና ሸፈነው። እሷ ብቻዋን ደባቂ ሆነች?

ደሙ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። ሽታውም ጠፋ። እጇ ግን አልሰማም። ሰው በገባ ቁጥር እጇ ብቻውን ተነስቶ ነጠላውን ይስባል። «እማ፣ ድነሻል እኮ» እላታለሁ። «አውቃለሁ» ትላለች፣ ከነጠላው ውስጥ ሆና። ሁልጊዜ ጠዋት ከምትፈትለው ጥጥ ቆንጥራ ድዷ ላይ ትይዝና ታሳየኛለች።

«እስኪ እይልኝ፣ ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ጫፉስ?»

«ጫፉም ነጭ ነው! በቃ እንጂ እማ!»

እጮኽባትና ወዲያው እቆጫለሁ። በማግስቱም ታሳየኛለች። የፎቁ ሐኪም «ድድ በወራት ይድናል፣ ይኼ ግን ይቆያል፤ አትቸኩይባት» አለኝ። እኔ ደግሞ አለመቸኮል አልችልበትም። በሱቁ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ከቨር እየሸጥኩ ባስታወስኩት ቁጥር ደንበኛ ላይ እጮኻለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ፍልሰታ ስትገባ እናቴ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገረች። እስከ መጨረሻው ቀን እቆርባለሁም አልቆርብምም አላለችም። የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ጠዋት ጥጡን ሳታሳየኝ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። እኔ ከሴቶች በኩል ቆሜ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሕፃናቱ ቆረቡ፣ ወንዶቹ ቆረቡ፣ ሴቶቹ ተራ ያዙ። ሥጋውን የሚያቀብለው ቄስ አባቴ ነበር። እናቴ ወደ ፊት ተጠጋች። ለመቁረብ አፍ መከፈት አለበት። በባሏ ፊት፣ ያን ያህል ቀርባ፣ በሕዝብ መካከል አፏን መክፈት አለባት።

ደርሳ ቆመች። እጇ ነጠላው ላይ ነው። ከኋላዋ ያለችው ሴት ገፋ አደረገቻት። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። አባቴ ጠበቃት። ሰው መጉረምረም ሲጀምርም ጠበቃት። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእሷ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ፊቷ አቀረበ። ሊያዞር ይችላል ብዬ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቢያዞር እዚያው መካከል እጮኽ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስክርብኝ። አላዞረም። እናቴ ነጠላዋን አወረደችና አፏን ከፈተች።

ስትመለስ አፏ ዳግመኛ በነጠላ ተሸፍኗል፤ የቆረበ ሰው ሁሉ እንደሚሸፍነው። በዚያ ቀን ግን እሷም ሌላውም ሴት አንድ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበር እኅቶቿ «እንኳን አደረሰሽ» ሊሉ ቤታችን መጡ። እናቴ በልታለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላለች። ሰዎቹ ሲገቡ እጇ ተነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ አየሁት። ያቺ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ቀድማ ሳመቻትና ለሌሎቹ ዞራ እንደ ልማዷ ጀመረች።

«ዛሬ ስትቆርብ አላያችኋትም? ቆማ፣ ፈርታ፣ አፏን ሸፍና! ጨዋነት ከእሷ ወዲያ!»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ። እጇን ወደ ጭኗ መለሰችው።

«ጨዋነት አይደለም እቴ» አለች፣ በዚያ በቆላ ድምጿ፣ የተነቀሉት ጥርሶች ክፍተት እየታየ። «አፌ ይገማ ነበር።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። «እኔስ ጥርሷን አሟት ነው ሲሉኝ ውሸት መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። ማንም አልሳቀላትም።

ብዙ የምለው ነበረኝ። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሳጠራቅመው የኖርኩት ስድብ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከበሩ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ግን ቀደመችኝ። ከገባች ጀምሮ አልተናገረችም፤ ነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ነው። ያቺን ሴት ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ እኔም ጨዋ ትመስለኝ ነበር።

«ሲነቅሉሽ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «በጣም ያማል?»

እናቴ ብድግ ብላ አጠገቧ ሄደችና ተጠግታት ተቀመጠች።